የማይመሳሰሉ ሰዎች ማዕድ

በዋሽንግተን ከተማ፣ አዳምስ ሞርጋን በሚባለው ሰፈር፣ በ18ኛው መንገድ ላይ ብዙ ዘመን የኢትዮጵያን ማዕድ ሲዘረጋ ኖሮ የተዘጋ አንድ ምግብ ቤት ነበረ። ባለቤቱ ዛሬም በሕይወት ያሉ፣ ስማቸውም በአደባባይ እንዲነሣ የማይወዱ ሴት ስለ ሆኑ፣ በዚህ ምልልስ ውስጥ ቤቱ «ያ ቤት»፣ እርሳቸውም ደንበኞቻቸው ይጠሩዋቸው እንደ ነበረው «እትዬ» ብቻ ይባላሉ። ከተነጋጋሪዎቹ አንደኛው በአገሩ መምህር የነበረ፣ በስደት ግን በመኪና ማቆሚያና በታክሲ ሥራ ልጆቹን አሳድጎ ጡረታ የወጣ አረጋዊ ነው፤ ሁለተኛዋ በሜሪላንድ ተወልዳ ያደገች የእኅቱ ልጅ ናት። ዓመታቱ የተቈጠሩት በሚኖሩበት አገር አቈጣጠር ነው።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ስለ ሰነበተ ዛሬ ልጠይቅዎ። ያ ቤት ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል፤ ነገር ግን የእናንተ ዘመን ሰዎች በለቅሶም ሆነ በሠርግ በተገናኛችሁ ቍጥር ሳታነሡት አትለያዩም። እኔም ብሆን በ18ኛው መንገድ ባለፍሁ ጊዜ ሆዴ ይባባል። ይሁን እንጂ ምግብ ቤት ንግድ ነው፤ ንግድ ደግሞ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ታዲያ ለአንድ ምግብ ቤት ይህን ያህል ማዘን ተገቢ ነውን? ወይስ የምንናፍቀው ያለፈ ዕድሜያችንን ነው?

አረጋዊው፦ ጥያቄሽ መልካም ነው፤ ለመመለስ ግን ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በአባቶቻችን ዘንድ እንግዳን አብልቶ ዋጋ መቀበል ታላቅ ነውር ነበረ። መንገደኛ በመሸበት ጊዜ ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ ይጣራል፤ ባለቤቱም «ቤት የእግዜር» ብሎ ያስገባዋል፤ እግሩን ታጥቦ፣ ከቤተ ሰቡ መሶብ ቀርቦ፣ መደብ ተለቆለት ያድራል እንጂ ራቱን ሳይበላ ማን ነህ፣ የማን ወገን ነህ ተብሎ አይመረመርም። ሊቃውንቱም ይህን ምግባር ከአበ ብዙኃን ከአብርሃም ያያይዙታል፤ አብርሃም ያለ እንግዳ እህል የማይቀምስ ስለ ነበረ፣ ሰይጣን መንገደኞችን አስፈራርቶ ሦስት ቀን እንግዳ ባሳጣው ጊዜ ሦስት ቀን ጾሙን ሰነበተ፤ በዚህም ትዕግሥቱ በመምሬ ዛፍ ሥር ሥላሴን ለማስተናገድ በቃ ይላሉ። እንግዲህ እንዲህ ባለ ሕዝብ መካከል፣ በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን በከፈቱ ጊዜ፣ ሰው በገንዘቡ ገዝቶ መብላትን አፍሮ ስለ ቀረ፣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቶቻቸውን አስከትለው ሄደው፣ በልተው፣ ሒሳቡንም ከፍለው ሕዝቡን እንዳለማመዱት ይነገራል። ስለዚህ ምግብ ቤት በእኛ ዘንድ እንደ ሌላው ሱቅ ሆኖ አልተወለደም፤ የእንግዳ አቀባበል ሥርዓት ገንዘብን እየተግደረደረ የተቀበለበት ቤት ነው። በስደት ደግሞ፣ ሁላችንም የመሸብን እንግዶች ሆነን የምንጣራበት ደጅ ባጣን ጊዜ፣ ያን ደጅ የከፈተልን ምግብ ቤቱ ነው። የምናዝነው ለዚያ ደጅ ነው።

ወጣቷ፦ እንግዲያው ደጁ እንዴት እንደ ተከፈተ ይንገሩኝ፤ እኔ ስደርስ ሁሉም ነገር ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስለኝ ነበር።

አረጋዊው፦ በ1974 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወርደው ደርግ ሥልጣን በያዘ ጊዜ፣ ለትምህርት መጥቶ የነበረው በአሜሪካ ቀረ፤ በአገር የነበረውም፣ በተለይ በ1977ና በ1978 ቀይ ሽብር ወጣቱን በፈጀበት ወራት፣ ነፍሱን ይዞ በሱዳን በረሃ ወጣ። በ1980 የስደተኞች ሕግ ጸድቆ ፕሬዚዳንት ካርተር በፈረሙበት ጊዜ፣ በካርቱምና በገዳሪፍ ዕጣውን ሲጠባበቅ ለነበረው ወገን በር ተከፈተለት፤ እኔም በዚያው በር ከገቡት አንዱ ነኝ። በዋሽንግተን ከእኛ በፊት የተዘረጋ ማዕድ ነበረ፤ በ1978 እማማ ደስታ ባይሩ በተባሉ የኤርትራ ተወላጅ ስም በጆርጂያ ጎዳና የተከፈተው ቤት የከተማይቱ የመጀመሪያ የአበሻ ምግብ ቤት እንደ ሆነ ይነገራል። ከዚያ በኋላ በ1980ዎቹ የ18ኛው መንገድ ዘመን መጣ፤ «ቀይ ባሕር» ነበረ፣ «መስከረም» ነበረ፣ ሌሎችም ነበሩ፤ ያ ቤትም ከእነዚሁ ጋር ተሰልፎ ቆመ። በ1968 የተነሣው ሁከት ከተማይቱን ጎድቶ ስለ ነበረ ኪራዩ ለስደተኛ አቅም የሚበቃ ነበረ፤ ሠራተኛ ሆነን የገባንባቸው ታላላቅ ሆቴሎችም ሩቅ አልነበሩም። ሰፈሩ ራሱ አዳምስ ሞርጋን የተባለው፣ የልዩነት ሥርዓት በፈረሰበት በ1950ዎቹ፣ ነጮችና ጥቁሮች ተለያይተው ይማሩባቸው ከነበሩት ከሁለቱ ትምህርት ቤቶች፣ ከአዳምስና ከሞርጋን፣ ስሙን ወስዶ ነዋሪዎቹን ለአንድነት በሰበሰበው ማኅበር ስም ነው። እኛ ይህን ሳናውቅ ገባንበት፤ ነገር ግን ያ ቤት የሠራው ሥራ ከሰፈሩ ታሪክ ጋር የሚስማማ ሆነ።

ወጣቷ፦ ያ ቤት የሠራውን ሥራ በኋላ ይነግሩኛል። አስቀድሜ ግን ስለ ምግቡ ልጠይቅ፤ እናቴ እስከ ዛሬ የእትዬን እጅ የሚተካከል የለም ትላለች።

አረጋዊው፦ እጃቸውስ በእርግጥ የተባረከ ነበረ፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የምንበላው እንጀራ ጤፍ የሚባል ያልነካው መሆኑን ማወቅ አለብሽ። እትዬ እርሾ ሳይሻ ራሱን የሚያነሣውን የአሜሪካ የስንዴ ዱቄት ከገብስ ወይም ከማሽላ ጋር ቀይጠው፣ ዐይኑ እንዲወጣላቸው ሲሉ አንዳንድ ጊዜ ጋዝ ያለበት ውሃ ጨምረውበት ይጋግሩ ነበር፤ መልኩ ነጭ፣ ጠርዙ ደረቅ፣ ወጥ ሲፈስበትም ቶሎ የሚሟሟ ነበረ። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን እንጀራ አልነበረም ብሎ የተነሣ አንድም ሰው አላየሁም፤ ከመሶብ ላይ ወጥቶ፣ በእጅ ተቆርሶ፣ ከሌላው ጋር አብሮ ስለ ተበላ እንጀራ ነበረ። በኢትዮጵያ ኖሮ የተመለሰ ዌይን ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ በአይዳሆ ግዛት፣ በስኔክ ወንዝ አገር ጤፍ ማብቀል ጀምሮ ነበር፤ ዱቄቱም በኋላ ቀስ በቀስ እኛ ዘንድ ደረሰ። እትዬ የመጀመሪያውን የጤፍ እንጀራ ለማንም ሳያስታውቁ አንድ የቅዳሜ ምሳ ላይ አቀረቡት። ከጎጃም የመጣ ገበሬ የነበረ ሰው አንድ ጊዜ ጎርሶ፣ እጁን ከመሶቡ አንሥቶ፣ «ይህ የማን እርሻ ነው?» ብሎ ጠየቀ። የአንድ ፈረንጅ እርሻ መሆኑ ሲነገረው ለጊዜው ዝም ብሎ ቆየና፣ «ዘሩን ይባርክለት» ብሎ መብላቱን ቀጠለ። በ2006 የኢትዮጵያ መንግሥት ጤፍ ወደ ውጭ አገር እንዳይሸጥ በከለከለ ጊዜ፣ የዚያ ሰው ምርቃት ትዝ ብሎኝ ነበር።

ወጣቷ፦ እኔ ከዚያ ቤት አብልጬ የማስታውሰው ግድግዳውን ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንሄድ ነበር፤ እናንተ ጨዋታ ስትጀምሩ እኔ ከመግቢያው በስተ ቀኝ ማስታወቂያ ከሚለጠፍበት ሰሌዳ ሥር እቆማለሁ። ወረቀት በወረቀት ላይ ተደራርቦ ነበር፤ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛም የተጻፈ ነበረ። «የሚከራይ ክፍል፣ ለአንዲት ሴት ብቻ»፤ «መንጃ ፈቃድ ባጭር ጊዜ እናስተምራለን»፤ «አዲስ ዕቁብ ሊጀመር ነው»፤ ደግሞም ጥቁር መስመር የተከበበበት፣ ፎቶግራፍ ያለበት የሐዘን ማስታወቂያ። በሰንበት ትምህርት ቤት «ሀ ሁ» ብዬ የጀመርሁትን ፊደል ቃል አድርጌ ማንበብ የቻልሁት በዚያ ሰሌዳ ነው። አንድ ቀን እትዬ ከወጥ ቤት ብቅ ብለው፣ «እስቲ አንቺ አንብቢልኝ፣ መነጽሬን ረስቼዋለሁ» አሉኝ፤ እኔም ጮኽ ብዬ አነበብሁ። በኋላ ነው መነጽሩ በሽርጣቸው ኪስ ውስጥ እንደ ነበረ ያየሁት።

አረጋዊው፦ ይህስ የእርሳቸው ጠባይ ነው። ለእኛ ለትልልቆቹ ደግሞ ያ ሰሌዳ ጋዜጣችንም የቅጥር ቢሮአችንም ነበረ። በዋሽንግተን እስከ 2008 ድረስ የታክሲ ዋጋ በሜትር ሳይሆን በዞን ይታሰብ ስለ ነበረ፣ አዲስ ሾፌር የሚሆን ሰው የከተማይቱን የዞን ካርታ ከነድንበሩ ማጥናት ነበረበት፤ ያን ካርታ እዚያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን፣ የቆየው ለአዲሱ እያስረዳ፣ ሻይ እየተደገመ ስንት ሌሊት አመሸን! ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ሰው ሻንጣውን ይዞ የሚመጣው ወደዚያው ነበረ። በመጀመሪያ ቀን ከእርሱ ሒሳብ አይጠየቅም፤ ይህ በየትም ያልተጻፈ፣ ሁሉም ግን የሚያውቀው የቤቱ ሕግ ነበረ። አዲስ መጪው እንዳይሳቀቅም እትዬ «ተከፍሏል» ይሉታል እንጂ ማን እንደ ከፈለ አይነግሩትም።

ወጣቷ፦ ይህን ሁሉ ስሰማ ግን ጋሼ፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ ዕድርም፣ የጽዋ ማኅበርም ያደርጉታል እላለሁ። አዲስ መጪን መቀበል፣ ሐዘንተኛን ማጽናናት፣ ሥራ ማፈላለግ የእነርሱም ምግባር ነው። ታዲያ ያ ቤት ብቻ የሠራው ምንድር ነው?

አረጋዊው፦ እነሆ ወደ ነገሩ ልብ ደረስሽ። ለመልሱ አንድ ያየሁትን ላጫውትሽ። ዘመኑ በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ በተማሪነታቸው ጓደኛሞች የነበሩ፣ በኋላ አንደኛው ከኢሕአፓ፣ ሁለተኛው ከመኢሶን ወገን የሆኑ። የእነዚያ የሁለቱ የፖለቲካ ድርጅቶች ጠብ በአገራችን ስንት ደም እንዳፈሰሰ በታሪክ አንብበሽ ይሆናል፤ አንደኛው ወንድሙን ያጣው በዚያው ወራት ነበረ፤ ሁለተኛውም ቢሆን ከሐዘን የተረፈ አልነበረም። በስደት በአንድ ከተማ ሲኖሩ አንዱ በሚሄድበት መንገድ ሌላው አይሄድም ነበር። አንድ የቅዳሜ ምሽት ያ ቤት ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሳለ አንደኛው ብቻውን ተቀምጦ ነበር፤ ሁለተኛው ገብቶ ቦታ ፈለገ፣ ሲያጣም ሊመለስ ሲል እትዬ ክንዱን ይዘው ወሰዱትና ከዚያ ሰው ፊት ለፊት፣ ከዚያው መሶብ አስቀመጡት። ማንም ቃል አልተናገረም፤ እኛም በአጠገባቸው የነበርን ጨዋታችንን አቆምን።

ወጣቷ፦ አልተነሡም?

አረጋዊው፦ በማዕድ ላይ ተጣልቶ መነሣት በእኛ ዘንድ ምን ያህል ኃጢአት እንደ ሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ለሁለቱ በአንድ ትሪ ዶሮ ወጥ ቀረበ። አበላላቸውን ሳይ ነበር፤ እያንዳንዱ ከፊት ለፊቱ ካለው እየቆረሰ፣ የመሶቡን መካከል እንደ ወሰን ጠብቆ፣ ቀና ሳይል ይበላ ነበር። በመጨረሻ ከመካከሉ አንድ ዕንቁላል ቀረ። ለሁለት ሰው አንድ ዕንቁላል ማውጣት የእትዬ ልማድ አልነበረም፤ ረስተውት ይሁን ዐውቀውት እስከ ዛሬ አልነገሩንም። ሁለቱም ዕንቁላሉን ዐዩት፤ ሁለቱም አልነኩትም። ጥቂት ቆይቶ ወንድሙን ያጣው ሰው ከእንጀራው ቆርሶ፣ ዕንቁላሉን በእንጀራው እንደ ያዘ ለሁለት ከፈለውና ግማሹን ወደ ሌላው ወገን ገፋ አደረገው። ያኛው «አይ፣ አንተ» አለ። ይኸው ነው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል «አይ፣ አንተ» ነበረ። በፖለቲካ ተስማሙ አልልሽም፤ እስከ መጨረሻው አልተስማሙም። ነገር ግን አንደኛው በሞተ ጊዜ ሬሳው ወደ አገሩ እንዲገባ ከቤት ቤት እየዞረ ገንዘብ የሰበሰበው ሁለተኛው ነበረ።

ወጣቷ፦ አሁን ምን ለማለት እንደ ፈለጉ ይገባኝ ጀመር።

አረጋዊው፦ ቤተ ክርስቲያን የምእመናን ናት፤ ዕድር የአባላቱ ነው፤ በቤቱ ግብዣ የሚያደርግ ሰውም የሚወደውን ይጠራል። እነዚህ ሁሉ የተቀደሱ ጉባኤዎች ናቸው፤ የሚሰበስቡት ግን እርስ በርሱ የሚመሳሰለውን ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ራስዋ በስደት ምን ያህል ተከፋፍላ እንደ ኖረች አንቺም ታውቂያለሽ፤ አባቶች በአገር ውስጥና በውጭ ሁለት ሲኖዶስ ሆነው ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ተለያይተው ከኖሩ በኋላ ነው በ2018 በዚህችው በዋሽንግተን ከተማ ዕርቅ ያወረዱት። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ፣ እሑድ ጧት በሁለት የተለያየ ደብር ያስቀደሱ ሰዎች፣ ከቀትር በኋላ በዚያ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው ይመገቡ ነበር። ከ1998 እስከ 2000 በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት በሆነ ጊዜም፣ ምንም እንኳ ብዙ ወዳጅነት ቢፈርስ፣ አንዳንድ የአሥመራ ልጆች ቡናቸውን እዚያው መጠጣት አልተዉም። የማይመሳሰሉትን ሰዎች፣ ማንም ማንንም ሳይጠራ፣ ርኃብና ናፍቆት ብቻ እየነዳቸው በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያውል ሌላ ቤት አልነበረንም። ያ ቤት ለብቻው የሠራው ሥራ ይህ ነው።

ወጣቷ፦ ይህ ከሆነ ዘንድ እኔም ልጨምርበት፤ ልጅ ሆኜ ያላስተዋልሁትን አሁን አስተዋልሁ። ከእኔ ጋር ትምህርት ቤት የነበረች የሐረር ልጅ፣ ሙስሊም ነበረች፤ ከቤተ ሰብዋ ጋር እዚያ ትመጣ ነበር። ሁለቱ እናቶቻችን በአንድ ትሪ እንዲበሉ ሲፈልጉ ሁልጊዜ የሚያዝዙት በያይነቱ ነበር። ለምን እንደ ሆነ አልጠየቅሁም፤ ሥጋ የማይወዱ ይመስለኝ ነበር።

አረጋዊው፦ እጅግ መልካም አስተዋልሽ! በአገራችን ክርስቲያኑ የእስላም ሥጋ፣ እስላሙም የክርስቲያን ሥጋ እንደማይበላ የታወቀ ነው፤ በጾም ምግብ ላይ ግን ወሰን የለም። ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ሱፍ ፍትፍቱ፣ ቅቤ ያልነካው ሽሮው፣ ይህ ሁሉ ለማንም የተፈቀደ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሥጋን ለመግራት የሠራችው ሥርዓት፣ ሳይታሰብ፣ ሁሉም የሚቀርበው ማዕድ ሆነ። ሥጋ የማይበላው አሜሪካዊም ረቡዕና ዓርብ እየጠበቀ ይመጣ የነበረው ለዚሁ ነው፤ አይሁዳዊ ጎረቤትም፣ ከህንድ የመጣ ሐኪምም በዚያው ትሪ ዙሪያ ይቀመጥ ነበር። በያይነቱ ከምግብ ሁሉ ታላቅ ማኅበራዊ ጥበብ ያለበት ነው ብዬ አምናለሁ።

ወጣቷ፦ ታዲያ ይህን ያህል ጸጋ የነበረው ቤት ለምን ተዘጋ? ሰው ሁሉ «ኪራይ ነው» ይላል።

አረጋዊው፦ ኪራይም ነው፤ ሰፈሩ ሲያምርና መጠጥ ቤቱ ሲበዛ የኪራዩ ውል በታደሰ ቍጥር ዋጋው ይንር ነበር። ነገር ግን በኪራይ ብቻ ማመካኘት እውነቱን ማጕደል ነው። ወገናችን ሠርቶ፣ ቈጥቦ፣ ከከተማይቱ ወጣ ብለው ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ቤት ገዛ፤ ማታ ከሥራ ደክሞ የተመለሰ ሰው ልጆቹን ጭኖ፣ መኪና ማቆሚያ ወደማይገኝበት ሰፈር መምጣት ከበደው። እንጀራም በየሱቁ፣ በየነዳጅ ማደያው ሳይቀር ይሸጥ ጀመር። የኖርዌይ ዘሮች ሌፍሳ የሚሉትን ቂጣቸውን የሚጋግሩበትን ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሴቶቻችን አግኝተው፣ በየወጥ ቤታቸው አስቀምጠው ይጋግሩበት ጀመር። የምግብ ቤቶቹም መንደር ከ18ኛው መንገድ ተነሥቶ ወደ ዩ ስትሪትና ወደ 9ኛው መንገድ ሄደ፤ በዚያም በ2005 ግድም ሎስ አንጀለስ በ2002 እንዳደረገችው ሰፈሩ «ትንሽዋ ኢትዮጵያ» ይባል የሚል አሳብ በተነሣ ጊዜ፣ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት የጥቁር አሜሪካውያን የኪነ ጥበብ አደባባይ ነውና ነባር ነዋሪዎቹ ተቃወሙ፤ እንግዳ የባለቤቱን ክብር መጠበቅ አለበትና በተቃውሟቸው አልፈርድም። ከዚያ ወዲያ መንደሩ ወደ ሜሪላንድና ወደ ቨርጂኒያ ተበተነ። ይህ ሁሉ የበረከት ምልክት ነው። ድኻ ሆነን የተጠጋንበት ቤት፣ ስንበለጽግ አላስፈለገንም።

ወጣቷ፦ ይህን ሲሉኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን ፍርሃት አሳደረብኝ። የእኔ ዕድሜ እኩዮች ከቤታቸው ሳይወጡ ምግብ ያስመጣሉ፤ ወሬውን የሚሰሙት እንደ እነርሱ ከሚያስበው ሰው ብቻ ነው። በ2020 በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ አብረውኝ ያደጉ ልጆች እርስ በርሳቸው ሰላምታ እስከ መከልከል ደረሱ። ዛሬም ያልታረቁ አሉ። የእናንተ ዘመን ሰዎች ከዚህ የከፋ ደም በመካከላችሁ ፈስሶ ሳለ ተያያችሁ፤ እኛ የምንተያይበት መሶብ የለንም።

አረጋዊው፦ ፍርሃትሽ የሚገባ ነው፤ ለዚህም ነው ስለዚያ ቤት መናገር የማልሰለቸው። ትዝታ ብቻ ከሆነ ግን ፍሬ የለውም። አንድ ቤት ሲዘጋ ግንቡና ወንበሩ ይቀራል፤ ሥርዓቱ ግን የባለቤቱ ብቻ ስላልነበረ ሊወረስ ይችላል። ወራሾቹም እናንተ ናችሁ።

ወጣቷ፦ እንዴት እንወርሰው? ቤቴ ብጠራቸው፣ የጠራሁት ሁሉ እኔን የሚመስል ይሆናል፤ የማይመስለኝን ብጠራ ደግሞ «ልታስታርቂን ነው» ብለው ይቀራሉ። እርስዎም እንዳሉት የዚያ ቤት ጥበብ ማንም ማንንም አለመጥራቱ ነበር።

አረጋዊው፦ እውነትሽን ነው፤ ስለዚህ ግብዣ አይሁን። ደጁ ለሁሉ የተከፈተ፣ የማንም ቤት ያልሆነ ስፍራ ያስፈልጋል። በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ ዛሬም የጸኑ ምግብ ቤቶች አሉ፤ ባለቤቶቻቸውም በብርቱ ድካም የሚኖሩ ናቸውና በእግራችንና በገንዘባችን ልንደግፋቸው ይገባል። የሞተውን እያመሰገኑ ያለውን መርሳት ልማዳችን እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ወጣቷ፦ እንግዲያውስ እንዲህ ላድርግ። በየወሩ በመጀመሪያው ዓርብ፣ ከእነዚያ ቤቶች በአንዱ፣ ባለቤትዋን አስፈቅጄ አንድ ትልቅ መሶብ ላስይዝ። ዓርብ የጾም ቀን ነውና የሚቀርበው በያይነቱ ይሆናል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ የሚጾመውም የማይጾመውም፣ አሜሪካዊ ጎረቤትም ቢመጣ ይበላል። ቀኑን ብቻ እንናገር፤ ማንንም በስሙ አንጥራ። የፈለገ ይምጣ፤ ስለ ፈለገው ነገር ይናገር፤ ነገር ግን ቡናው እስከ በረካ ደርሶ ሳይጠጣ ማንም አይነሣ። አዲስ መጪ ቢኖርም ሒሳቡ «ተከፍሏል» ይባል።

አረጋዊው፦ ይህ የሚሆን ነገር ነው፤ እኔም ከነዚህ ከደከሙ ጉልበቶቼ ጋር እመጣለሁ። ካስቀመጥሻቸው ሕጎች ላይ ግን አንድ ልጨምር፤ ያለዚያ ሁሉም ከወዳጁ ጎን ተጠግቶ ይቀመጥና ማዕዱ ሁለት ጎራ ሆኖ ያርፈዋል። ወደዚያ መሶብ የሚመጣ ሁሉ መቀመጫውን ራሱ አይምረጥ፤ ማን ከማን ፊት ለፊት እንደሚቀመጥ የምትወስነው የቤቱ ባለቤት ትሁን።